ለቢራቢሮ የተቆረጠች ቅርንጫፍ

ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ቤት ውስጥ ጫጫታው ሊበዛ ነው፤ አይዟችሁ።

ባለፈው ወር ስለ እርሾ ጽፌ ነበር። ምግብ ቤቱ ድረስ መጥታችሁ ስትጠይቁኝ ግን ጥያቄያችሁ ስለ እርሾው ሳይሆን ጓሮ በር ላይ ስለተደረደሩት ባልዲዎች ሆነ። አንዱ ደንበኛዬ ቅጠሉ ጌሾ መስሎት «ጠላ ልትጠምቂልን ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ አንድ ቅጠል ቀጥፋ ልታሸት ስትል እጇን ይዤ አስቆምኳት። ጌሾ አይደለም እመቤቴ፣ የሚበላም የሚጠጣም አይደለም። እዚህ አገር ሚልክዊድ ይሉታል፣ «የወተት አረም» እንደማለት ነው። ስትቆርጡት ነጭ ወተት ያወጣል። የተተከለው ለሰው ሳይሆን ለቢራቢሮ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከጤና አዳም ስለሆነ ከዚያ ልነሣ።

ጤና አዳሜ ከ1998 ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነው። አዲስ መጤ ሳለሁ አንዲት እናት ከራሳቸው ማሰሮ ቆርጠው፣ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ሰጡኝ። ውሃ ውስጥ አቆየሁት፣ ስር አወጣ፣ ተከልኩት። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ተቆርጦ ስንት ቤት እንደገባ ቁጥሩን እኔም አላውቀው። ከእናንተም መካከል የእሱ «ልጅ» ያላችሁ ትኖራላችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በሰመሩ አንድ ጠዋት ለቡና ልቀጥፍ ብወጣ፣ ተክሉ ተበልቶ ግማሹ ባዶ እንጨት ሆኗል። ጠጋ ብዬ ሳይ አረንጓዴ ትሎች ናቸው፤ ጥቁር ቀለበት፣ በጥቁሩ ላይ ደግሞ ቢጫ ነጠብጣብ አላቸው። በጣቴ ነካ ባደርጋቸው ከራሳቸው ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥተው የሚከረፋ ሽታ ለቀቁብኝ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ የተባይ መርጫ አመጣሁና ፈጀኋቸው። (ለቡና በምቀጥፈው ቅጠል ላይ መርዝ መርጨቴ ራሱ እብደት ነበር። ያንን ሰመር ሙሉ ቡናችንን ያለ ጤና አዳም ጠጣን።)

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ቢራቢሮ እየተማሩ ኖሯል። ባልዲው ሥር የወደቁትን አየችና «እማማ፣ እነዚህ እኮ ቢራቢሮ ሊሆኑ ነበር!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ብላክ ስዋሎውቴይል የሚባለው ትልቁ ጥቁር ቢራቢሮ ትሎች ናቸው፤ ጤና አዳም፣ ፓርስሊ፣ ዲል ይወዳሉ። እኔ ደግሞ «ትል እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» አልኳት፤ ይባስ አለቀሰች። እራት እስኪቀርብ አላናገረችኝም።

ለመታረቅ ብዬ «የፈለግሽውን የቢራቢሮ ተክል እገዛልሻለሁ» አልኩ። እሷም ወዲያው «ሞናርክ!» አለች።

ሞናርክን ስሙን ባታውቁት እንኳ አይታችሁታል። ብርቱካን ክንፍ፣ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በሚልክዊድ ላይ ብቻ ነው። ትሎቹም የሚያድጉት እሱን በልተው ነው፤ ጎመን ብትሰጧቸው፣ ሰላጣ ብትሰጧቸው አይሆናቸውም። የተክሉ ወተት መርዝ አለው፤ ትሉ ግን መርዙን በሰውነቱ ያጠራቅምና ለራሱ መከላከያ ያደርገዋል። አንዴ ሞናርክ የበላ ወፍ ያስመልሰውና ሁለተኛ ብርቱካን ቀለም ሲያይ ይሸሻል። የእኔ አዋዜ አንዳንድ ፈረንጅ ደንበኛ ላይ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አንድ ነገር ሲጎድል እገዛለሁ። መኪናዬን አስነሥቼ ከአንድ ችግኝ መሸጫ ሁለት የሚያማምሩ ሚልክዊዶች ገዛሁ። ቅጠላቸው አንዲት ቀዳዳ የለውም። አሁን ቢሆን ያ ራሱ ያስጠረጥረኝ ነበር፤ ያኔ ግን «እንዴት ጤነኛ ነው!» ብዬ ተደሰትኩ።

ጁላይ ላይ አምስት ትናንሽ ትሎች ተገኙ። ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ሽንትር አላቸው። በአማርኛ «አባጨጓሬ» ብላት «የታለ ጨጓሬው? ጸጉር እኮ የለውም» ብላ ተከራከረችኝ፤ እውነትም የለውም፣ ቢነኩትም አይለበልብም። ከሜኑዬ ላይ እየመረጠች ስም አወጣችላቸው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጥብስና ክትፎ። በሦስተኛው ቀን ሽሮ መብላት አቆመ። አረንጓዴ ፈሳሽ ተፋ፣ ተንፈራገጠ፣ ወደቀ። እስኪመሽ ሦስቱ፣ በነጋታው ሁሉም አለቁ።

ትል ሲመረዝ የሚያሳየው ምልክት ይኸው ነው። ደውዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣው ልጅ ትሁት ነበር፤ «ችግኙን የሚያመጣልን ሌላ አብቃይ ነው፤ ምን እንደተረጨ አላውቅም» አለኝ። ኋላ እንደተማርኩት ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉ የተባይ መድኃኒቶች አሉ፤ ቅጠሉ ላይ ብቻ አይቀሩም። ተክሉ ይመጣቸዋል፣ ከስር እስከ ጫፍ አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ ቅጠሉን ብታጥቡት አይለቅም፤ ወራትም ሊቆይ ይችላል። ለቢራቢሮ ተብሎ የሚሸጥ ተክል ሳይቀር እንዲህ ተረጭቶ ሊመጣ ይችላል።

ልጅቷ በዚህኛው አላለቀሰችም። የከፋኝ እሱ ነው። «እማማ፣ እኛ ነን የገደልናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያዎቹን ስገድል ሆን ብዬ ነው፣ ሁለተኛዎቹን ግን ላሳድግ ብዬ። ምን ልበላት? «ደንበኛ መጣ» ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ደንበኛ አልመጣም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው የሚገቡ፣ መስኮቱ ጋ የሚቀመጡ ጡረተኛ ደንበኛ አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰፈራቸው ባለው የጋራ አትክልት ቦታ ጎመንና ቃሪያ ያለማሉ። ቡና ስቀዳላቸው ፊቴን አይተው «ምን ሆነሻል?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው።

«ጤና አዳምሽን ከየት አገኘሽው?» አሉ።

«ቆርጠው ሰጡኝ።»

«ከሱቅ ገዝተሽው ቢሆን ማን ምን እንደረጨበት ታውቂ ነበር?»

«በምን አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ይሄንንም ቆርጠሽ ትከይ። እኔ ጋ አለ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም አልነካውም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ያንን ጥቅል ስቀበል የ1998ቱ ትዝ አለኝ።

ለነገሩ ቆርጦ መትከል ለእኔ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ያደግኩት መተሐራ ነው፤ አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በዘር አይተከልም፤ አንጓ ያለው ቁራጭ መሬት ውስጥ ይቀበርና ከአንጓው ያቆጠቁጣል። የቅንጭብ አጥርም እንደዚያው ነው፤ ቆርጠው ይሰኩታል፣ አጥር ይሆናል። መንገድ ዳር ደግሞ ጦቢያው ነበር፤ ያ ሰፊና ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ሲሰብሩት ወተቱ የሚንጠባጠበው። «ዓይንሽን እንዳትነኪ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ጋሼ ሲነግሩኝ ነው ያወቅሁት እንጂ ጦቢያው የሚልክዊድ ዘመድ ነው፤ እሱን በልቶ የሚያድገው ብርቱካንማ ቢራቢሮም የሞናርክ ዘመድ ነው። በአፍሪካም በዓረብ አገርም አለ። ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ዓረቦቹ ዑሸር የሚሉት ያንኑ ጦቢያውን ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

በእኛ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ሦስት የአገሬው ሚልክዊዶች በብዛት ይገኛሉ። ቁራጩ በቀላሉ ስር የሚያወጣላችሁ ስዋምፕ ሚልክዊድ የሚባለው ነው፤ ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ አበባው ሮዝ፣ ውሃ የሚወድ። ባልዲ ውስጥም ይኖራል፤ አፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩ እሱን ነው የምመክረው። ኮመን ሚልክዊድ ሰፊ ቅጠል አለው፤ ከግንዱ ቆርጣችሁ ስር ማስወጣት ያስቸግራል። የሚሻለው መሬት ውስጥ የሚሄደውን ስር በመከር መጨረሻ ወይም በጸደይ መጀመሪያ፣ አቆጥቋጭ ያለበትን ቁራጭ ይዞ መትከል ነው። ግን ትንሽ ግቢ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ስሩ ዞሮ ዞሮ ጎረቤት ይገባል። ሦስተኛው በተርፍላይ ዊድ ነው፤ አበባው ብርቱካን፣ ወተት የሌለው ሚልክዊድ። ስሩ እንደ ካሮት ወደ ታች ይወርዳልና አንዴ ከተከላችሁት በኋላ አታንቀሳቅሱት።

የምትቆርጡት ጁን ወይም ጁላይ መጀመሪያ ላይ፣ ተክሉ አበባ ሳይይዝ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የቅጠሎቹን ሥር ገልብጣችሁ እዩ። የመርፌ ራስ የምታክል ነጭ ነገር ካለች እንቁላል ናት፤ ያንን ቅርንጫፍ ተዉትና ሌላ ፈልጉ። ከጫፉ ከ4 እስከ 6 ኢንች ያህል፣ ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ዝቅ ብላችሁ በስለታም መቀስ ቁረጡ። እባካችሁ የወጥ ቤት ቢላ አትጠቀሙ! ጓንት አድርጉ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ልጆች ሲረዷችሁ ዓይናቸውን እንዳያሹ ተቆጣጠሩ፣ እንደጨረሱም እጃቸውን በሳሙና ያስታጥቡ። ውሻና ድመት እንዳይቀምሱትም ተጠንቀቁ።

የተቆረጠውን ጫፍ ወተቱ እስኪያቆም ውሃ ውስጥ ንከሩት። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡ፤ ላይ ያሉትን ሁለት ወይም አራት ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ጤና አዳም ውሃ ባለበት ብርጭቆ ማቆም ነው፤ ውሃው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ሌላው እርጥብ አፈር ውስጥ መሰካት ነው። ስር የሚያስወጣውን ዱቄት ጫፉን ብትነክሩት ይረዳል፤ ላዩ ላይ ላስቲክ ከረጢት እንደ ድንኳን ጣል ብታደርጉበት ደግሞ ቅጠሉ አይጠወልግም። ብርሃን ያለበት፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ አስቀምጡ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ።

እኔ ከጋሼ አራት ሁለቱን ገደልኩ። ብርጭቆዎቹን ለዓይን ያምራሉ ብዬ ምድጃው አጠገብ ያለው መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ሙቀቱ፣ ፀሐዩ፣ በዚያ ላይ ሰው ስለበዛብኝ ውሃውን አራት ቀን ረሳሁት። ግንዳቸው ጠቁሮ ሸተተ። የተረፉትን ሁለቱን ልጅቷ ወሰደቻቸው፤ መታጠቢያ ክፍላችን መስኮት ላይ አስቀምጣ ጥርሷን ስትቦርሽ ውሃ ትቀይርላቸው ጀመር። ሦስት ሳምንት አልፎ አንድ ጠዋት አፏ የጥርስ ሳሙና እንደሞላ እየሮጠች መጣች፤ ነጭ ክር የሚመስል ስር ወጥቷል። ስሩ አንድ ሁለት ኢንች ሲሆን ነው ወደ አፈር የሚዛወረው፤ በጣም ከረዘመ ሲተክሉት ይሰበራል።

ባልዲውን ሥሩን ብሱት፣ ውሃ እንዳይጠራቀም። የእኛዎቹ የኮምጣጤ ቃሪያ የመጣባቸው ባልዲዎች ናቸው፤ በደንብ ታጥበው። በረዶ ከመምጣቱ በፊት ስሩ እንዲይዝ ቢያንስ ስድስትና ሰባት ሳምንት ያስፈልገዋልና ዘግይታችሁ አትጀምሩ።

በዘርም ይቻላል። ዘሩ ግን ብርድ ካላየ አይነቃም፤ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ አንድ ወር ያህል ፍሪጅ ውስጥ ታቆዩታላችሁ። ቁራጭ ይፈጥናል፤ ከየት እንደመጣም ታውቃላችሁ። ከተረጨ ተክል የተቆረጠ ግን መርዙን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ማን ጋ ነው ያደገው? ምን ተረጭቶበታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ክረምት ሲመጣ ተክሉ እስከ አፈሩ ድረስ ይደርቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጸደይ ገብቶ ሌላው ሁሉ ሲለመልም ሚልክዊድ ገና ተኝቷል፤ ሜይ እስኪጋመስ ምንም ላይታይ ይችላል። ከሁለቱ ባልዲዎቻችን አንዱን፣ ባዶ አፈር መስሎት፣ አንድ ሠራተኛችን ኤፕሪል ላይ ደፋው። አልፈርድበትም፤ እኔም ሞቷል ብዬ ነበር። ልጅቷ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ስሩን ፈልጋ አግኝታ መልሳ ቀበረችው፤ በቀለ። ከዚያ በኋላ ነው በራሷ እጅ በአማርኛ ጽፋ የለጠፈችው፦ «አትንኩ፣ ተኝቷል»። «ተኝቷል»ን በሁለት መስመር ከፍላ፣ «ኝ»ን ገልብጣ። አሁንም አለ፤ አላስተካከልኩትም።

በዚያ ዓመት ከሁለቱ ዘጠኝ ቁራጭ ወስደን ስድስቱ ያዙ። ብዛት ያስፈልጋል፤ አንድ ትል ብቻውን እስኪያድግ ስንት ቅጠል እንደሚጨርስ ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ቢራቢሮ ግን አልመጣም። ቢጫ ቅማል የመሰሉ ትናንሽ ነፍሳት ብቻ ወረሩት። ተባይ መርጫው እጄ ላይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ አየችኝ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በውሃ ቧንቧ ማጠብ ይበቃል። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚባለው የኒም ዘይትም ቢሆን ትሉን ይገድላል። ለወባ ትንኝ ብላችሁ ግቢያችሁን የምታስረጩም እንደዚሁ፤ ሚልክዊድ ተክሎ ግቢ ማስረጨት ሰው ምሳ ጠርቶ መርዝ ማቅረብ ነው።

በሦስተኛው ሰመር፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ ከቅጠል ሥር ሁለት እንቁላል ተገኙ። በአራተኛው ቀን ተፈለፈሉ። መጀመሪያ የፈለፈላቸውን ቅርፊት ነው የሚበሉት፣ ከዚያ ቅጠሉን። ቆዳቸውን እየቀያየሩ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የትንሿን ጣት ያህላሉ። በዚህ ጊዜ ስም የሚያወጣ ሰው አልነበረም። «ካደጉ በኋላ» አለች ልጅቷ። አንዱ አንድ ቀን ጠፋ፤ ወፍ ይሁን ተርብ ወሰደው። አብዛኛው እንቁላል ለቢራቢሮነት አይደርስም፤ ለዚህ ነው አንዲት እናት በመቶዎች የምትጥለው።

ሁለተኛው ከባልዲው ወርዶ ሄዶ የሽንኩርት ሣጥን ጠርዝ ሥር ተንጠለጠለ። ዘቅዝቆ እንደ መንጠቆ ተቆለመመ፤ በነጋታው ቆዳውን አውልቆ አረንጓዴ መጠቅለያ ሆነ። የጆሮ ጉትቻ ነው የሚመስለው፣ በወርቅ ነጠብጣብ ያጌጠ። ሽንኩርት የሚያመጣልን ሾፌር ባዶ ሣጥኖቹን ሊሰበስብ መጣ። «ይሄን አትነካውም» አልኩት። «የኩባንያው ነው» አለኝ። «ዋጋውን ንገረኝ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አይቶ ትቶልኝ ሄደ፤ ዋጋም አልጠየቀኝ።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። ሊወጣ ሲል መጠቅለያው ይጠቁርና ብርቱካን ክንፉ በውስጥ ይታያል። ቅዳሜ ነበር፣ ምሳ ሰዓት፣ ሦስት ጠረጴዛ ትእዛዝ ይጠብቃል። «እማማ ነይ! አሁን! አሁን!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ክትፎውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ክንፏ እንደታጠበ ነጠላ ተጨማዶ፣ ረጥቦ፣ ሆዷ ወፍሮ ተንጠልጥላለች። ቀስ በቀስ ክንፏ ተዘረጋ። እስኪደርቅ ሰዓታት ይወስዳል፤ እንዳትነኳት። በታችኛው ክንፍ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ካለ ወንድ ነው፤ የእኛዋ የላትም፣ ሴት ናት። አሁን ስም ይገባታል ተባለና «ዳግማዊት ሽሮ» ተባለች።

በዚያን ሰዓት ኩሽና ውስጥ አብሮን የሚሠራው የሜክሲኮ ሰው ሽርጡን እንዳደረገ ወጣ። አገሩ ሚቾአካን ነው። አይቷት ዝም አለ፤ ከዚያ «ወደ እኛ አገር ነው የምትሄደው» አለ። ልጆች፣ ይህን ስሙኝ፦ በሰመሩ መጀመሪያ የሚወለዱት ሞናርኮች ዕድሜያቸው ጥቂት ሳምንት ነው። በሰመሩ መጨረሻ የምትወለደዋ ግን ስምንት ወር ያህል ልትኖር ትችላለች፤ እስከ 4,800 ኪሎ ሜትር እየበረረች ማዕከላዊ ሜክሲኮ ትደርሳለች። እዚያ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኦያሜል የሚባሉ ዛፎች ላይ በሚሊዮን ሆነው ተቃቅፈው ይከርማሉ። የአገሬው ሰው ድሮም ያውቃቸው ነበር፤ ሳይንቲስቶች ቦታውን ያገኙት ግን በ1975 ነው። በ2008 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የኩሽናው ሰው እንደነገረን የሚደርሱት ሙታን በሚታሰቡበት በዓል፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ አያቶቹ «የሞቱት ዘመዶቻችን ናቸው የመጡት» ይላሉ። ልጅቷ «መንገዱን ማን አሳያት? እናቷ እኮ ሄዳ አታውቅም» አለች። እውነት ነው፤ በጸደይ ከሜክሲኮ የተነሡት ቅድመ አያቶቿ ናቸው። በፀሐይ አቅጣጫ ይመራሉ፣ አያቶች ግን አያስተምሯቸውም። እሱም «እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ግን 14 ዓመቴ ካልሄድኩ» አለና ሰሃኑን ሊያጥብ ተመለሰ። እኔም ክትፎው ትዝ አለኝ። ደንበኛው አልተቆጣም፤ ይልቅ ሁለት ልጆቹን ይዞ ጓሮ ወጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረረች።

ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። እርሻው ላይ አረም ማጥፊያ ስለሚረጭ ሚልክዊድ ጠፋ፤ ሜክሲኮም ደኑ ይቆረጣል፤ የአየሩ ጠባይም ተለዋወጠ። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሞናርክ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ እንዲጠበቅ ሐሳብ አቅርቧል።

ይህን መጽሔት ለዘመዶቻችሁ የምትልኩ አላችሁና ሁለት ነገር ልጨምር። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው የሐሩር አገር ሚልክዊድ በየሱቁ አለ፤ ቁራጩም ቶሎ ይይዛል። ግን እናንተ ጋ በክረምት ስለማይደርቅ ቢራቢሮውን የሚያሳምም ጥገኛ ተውሳክ ይከማችበታል። የአካባቢያችሁን ዓይነት ፈልጉ፤ እሱ ካለባችሁ ደግሞ በመከር አጭዳችሁ ዝቅ አድርጉት። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴም «ላኪልኝ» ብላኝ ነበር። አይሆንም፤ ኮመን ሚልክዊድ ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ወራሪ ተብሎ ተከልክሏል። ለእሷ የመከርኳት ግቢዋ ጥግ ላይ ሳማ እንዳትነቅል ነው። እዚያ አገር ብዙ የሚያማምሩ ቢራቢሮዎች ትላቸው የሚያድገው በሳማ ነው። «ሳማ ሸሽቼ መጥቼ!» ብላ ሳቀችብኝ፤ ግን ትታዋለች።

አሁን ጓሮ በሩ ላይ ስምንት ባልዲ ሚልክዊድ አለ። ጤና አዳሙም ሁለት ባልዲ ሆኗል፤ ግራ ያለው የቡናችን፣ ቀኝ ያለው የትሎቹ ነው። ከግራው ላይ የተገኘ ትል በክብር ወደ ቀኝ ይሸኛል።

ቁራጭ የምትፈልጉ እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ምሳው ጋብ ሲል፣ በጓሮ በር ኑ። እርጥብ ጋዜጣ ያዙ፤ ጓንት እኛ ጋ አለ። የምትቆርጥላችሁ ልጅቷ ናት፤ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ከመቁረጧ በፊት ግን ቤታችሁ ምን እንደምትረጩ ትጠይቃችኋለች፤ መልሳችሁ ካላማራት ባዶ እጃችሁን ትሸኛችኋለች፣ እኔም ጣልቃ አልገባም።